ለጥምቀት ማን ቤት ይቀራል?

ጥር 10 ቀን ከሰዓት በኋላ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቤቱ የሚገኝ ሰው ጥቂት ነው። ታቦታቱ ከየአጥቢያቸው ወጥተው ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርዱ አሮጊቷ በዘንግ ተደግፋ፣ ሕፃኑ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ፣ ጎረምሳው ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ይከተላል። ነጭ የለበሰው ሕዝብ አስፋልቱን ሲሞላው የየሰፈሩ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ጭር ይላል። በማግስቱም እንዲሁ ነው። የቅዱስ ሚካኤል ታቦት በሚገባበት በጥር 12 ደግሞ ያልጠገበው እንደገና ይወጣል። ሦስት ቀን ሙሉ ሰዉ የት እንዳለ ከማንም የተሰወረ አይደለም፤ ከሌባም ጭምር።

በዓሉ ቢለያይም ነገሩ ያው ነው። በፋሲካ ዋዜማ ቅዳሴው ከምሽት ጀምሮ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ይዘልቃል፤ 55 ቀን የጾመ ሰው ያችን ሌሊት አልጋው ላይ ማሳለፍ አይሆንለትም። የገና ሌሊትም ቤተ ክርስቲያን ይታደራል። በዚያ ላይ መንገደኛው አለ። ደብረ ማርቆስ ተቀጥሮ የሚሠራው መምህርና የባንክ ሠራተኛ ወደ ቢቸና፣ ወደ ሞጣ፣ ወደ ፍኖተ ሰላም ወላጆቹን ሊጠይቅ ይሄዳል። አዲስ አበባ ያለው የጎጃም ልጅ በበኩሉ የአባይን በረሃ አቋርጦ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ይመጣል። አንዱ ቤቱን ዘግቶ ሲመጣ ሌላው ቤቱን ዘግቶ ይሄዳል። የሌባ የቀን መቁጠሪያ ባሕረ ሐሳብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ፖሊስ በየበዓሉ ዋዜማ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚያስተላልፈው መልእክት አለ፦ ከሐሰተኛ ብር ተጠንቀቁ፣ ከእሳት ተጠንቀቁ፣ ቤታችሁን ያለ ሰው ጥላችሁ አትውጡ። ምክሩ ትክክል ነው። ችግሩ ሰፈሩ በሙሉ ታቦት ሊሸኝ በወጣበት ቀን ያ “ሰው” ከየት ይምጣ የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1979 ሎረንስ ኮኸን እና ማርከስ ፌልሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አንድ እንቆቅልሽ ይዘው ተነሡ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አገራቸው በሀብት ላይ ሀብት ስትጨምር ስርቆት ለምን በረከተ? ድህነት ሲቀንስ ሌብነትም መቀነስ አልነበረበትም? መልሳቸው ቀላል ነበር። ስርቆት እንዲፈጸም ሦስት ነገሮች አንድ ቦታ ላይ መገናኘት አለባቸው፦ ለመስረቅ የቆረጠ ሰው፣ ለመውሰድ የሚመች ዕቃ፣ የጠባቂ አለመኖር። ጠባቂ ሲሉ ፖሊስን ማለታቸው አልነበረም፤ ቤት የምትውለውን እናት፣ በመስኮት የሚያይ ጎረቤትን፣ ደጅ ላይ ፀሐይ የሚሞቁ ሽማግሌን ማለታቸው ነው። ሴቶች ሥራ ሲገቡና ቤተሰብ ለእረፍት ከተማ ለቆ መሄድ ሲያዘወትር የአሜሪካ ቤቶች ባዶ መዋል ጀመሩ። ዕቃውም ቀለለ። ሁለቱ ተመራማሪዎች ሲርስ የተባለውን የታወቀ ሱቅ የዕቃ ካታሎግ አገላብጠው በ1960 ለገበያ ከቀረቡት ቴሌቪዥኖች ቀላሉ 17 ኪሎ ገደማ ይመዝን እንደነበር፣ በ1970 ግን 7 ኪሎ ያህል መድረሱን አሳይተዋል።

ጎጃም ውስጥ ይኸው ነገር በሌላ መልክ ደርሷል። የድሮው ገበሬ ሀብት ጎታ ውስጥ ያለ ጤፍና ጋጣ ውስጥ ያለ በሬ ነበር። ጎታ እዚያው ቤት ውስጥ ተሠርቶ እዚያው የሚያረጅ ነው፤ በበር አይወጣም። እህሉን ዝቆ ለመውሰድ አህያ ያስፈልጋል፣ አህያ ደግሞ ዱካ ይተዋል። የዛሬው የከተማ ቤት ሀብት ግን ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ የአንገት ወርቅና ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ነው። ከቴሌቪዥኑ በቀር ሌላው በሙሉ አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ይገባል።

ታዲያ ሌባ ቤቱ ባዶ መሆኑን በምን ያውቃል? ብዙ መሰለል አያስፈልገውም፤ ቤቱ ራሱ ይነግረዋል። አንደኛው ነጋሪ ከውጭ በኩል በግቢው በር ላይ የተንጠለጠለው ጓጉንቸር ነው። ሰው ያለበት ግቢ ከውስጥ በመቀርቀሪያ ይዘጋል፤ ከውጭ ጓጉንቸር ያለበት ግቢ ግን ባለቤቱ የለም ማለት ነው። ጓጉንቸሩ በተለቀ ቁጥር ከሩቅ ይታያል። ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት የተገዛ ቁልፍ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ የባለቤቱን መሄድ ማወጅ መሆኑ ያሳዝናል፤ ያስቃልም። የላሜራ በር የሚያሠራ ሰው ከውስጥም ከውጭም በአንድ ቁልፍ የሚዘጋ፣ በሩ ውስጥ የተቀበረ ቁልፍ ቢያስገጥም ይህን አዋጅ ያስቀራል።

ሁለተኛው ነጋሪ የበዓሉ ጠዋት ነው። ፋሲካ ሲነጋ ደጃፉ ላይ ቄጠማ ያልተጎዘጎዘበት፣ ከማድ ቤቱ ጭስ የማይወጣበት፣ አጥሩ ላይ የበግ ቆዳ ያልተሰጣበት ቤት ከሌሎቹ ተለይቶ ይታወቃል። የቡና ዕጣን ከየቤቱ በሚሸትበት ሰዓት አንዱ ግቢ ዝም ካለ አላፊ አግዳሚው ሳያስበው ያስተውለዋል። ጎረቤት ለራሱ ደጅ ከገዛው ቄጠማ አንድ እፍኝ ወስዶ ባዶው ቤት በር ላይ ቢበትን ምንም አይጎዳም።

የውጭ አገር ምክሮች መብራት አብርታችሁ ሂዱ ይላሉ። ደብረ ማርቆስ ላይ ምክሩ ግማሽ መንገድ ብቻ ያስኬዳል። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ እኩል ይጨልማል፤ ሲመጣ ደግሞ ያ አምፖል በጠራራ ፀሐይም በርቶ ይገኛል። አራት ቀን ቀንና ሌሊት የበራ አምፖል የጓጉንቸሩን ያህል ይናገራል። ማታ ማታ መጥቶ የሚያበራ፣ ጠዋት የሚያጠፋ ሰው ከተገኘ ነው ዘዴው የሚሠራው። ጉዞን በፌስቡክ አለማወጅ የሚለው ምክርም ጥሩ ነው፤ ሻንጣ ይዞ መናኸሪያ የቆመን ሰው ግን ያየው ሁሉ “ወዴት ነው? አገር ቤት?” ብሎ መጠየቁ ስለማይቀር የከተማዋ የቆየ ፌስቡክ መናኸሪያው ነው።

ቁልፍን ከግድግዳው ለይቶ ማየትም አይቻልም። የደብረ ማርቆስና የአካባቢዋ ብዙው ቤት የባሕር ዛፍ አውታርና ማገር ተማግሮ በጭቃ የተመረገ፣ በቆርቆሮ የተከደነ ነው። ቤት ሰርሳሪ በበር አይመጣም። በጓሮ በኩል ይዞራል፤ የክረምት ዝናብ መሠረቱ አጠገብ ያራሰውን ጭቃ ፈልጎ ይሰረስራል። ዝናቡ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት ሌሊት አጠገቡ የተኛ ሰው እንኳ ላይሰማው ይችላል፤ ዘመን መለወጫና መስቀል ደግሞ ክረምቱ ገና ሳይወጣ፣ ግድግዳው ሳይደርቅ የሚውሉ በዓላት ናቸው። ስለዚህ የጭቃ ቤት ያለው ሰው ለበሩ ሁለተኛ ጓጉንቸር ከመግዛት በፊት በጓሮው በኩል የግድግዳውን እግር በድንጋይ ቢያስገነባ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ የበቀለውን ጌሾና ቁጥቋጦ ቢመነጥር ገንዘቡን በቦታው አዋለ። የብሎኬት ቤት ያለው ደግሞ ዓይኑ ፍርግርግ ብረት በሌለው የመታጠቢያ ቤት መስኮት ላይ ይሁን። አጥር ላይ የሚሰካው የጠርሙስ ስብርባሪ የሚከለክለው መጥፎ ጫማ ያደረገውን ነው፤ ማዳበሪያ ወይም ጋቢ አጥፎ የሚደርብበትን አይመልሰውም።

የአገሬው ሰው በጥንት ጊዜ ሌባን የሚፈልግባቸው ሁለት የታወቁ መንገዶች ነበሩ። አንደኛው ሌባ ሻይ ነው። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፤ ወገቡ ላይ የታሰረውን መቀነት ሌላ ሰው ይዞ ይከተለዋል፤ ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ዕዳውን ይከፍላል። ስንት ንጹሕ ሰው በዚህ ቤቱ እንደፈረሰ መገመት አያቅትም። ልማዱ መቅረቱ እሰየው ያሰኛል።

ሁለተኛው፣ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባለው፣ ከዚህ የተሻለ ብልኃት ነበረው። ወንጀለኛው ያልታወቀ ስርቆት ሲፈጸም የአጥቢያው ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ወደ እርሻና ወደ ገበያ መሄድ የለም። በግልጽ መናገር የሚፈራ በምስጢር የሚያቀብልበት መንገድ ይበጅለት ነበር፤ ምስጢር አቀባዩም “ወፍ” ይባላል። ሌባው ካልተገኘ ደግሞ ኪሣራውን ሕዝቡ ተዋጥቶ ይከፍላል። የሥርዓቱ ጉልበት እዚህ ላይ ነው። አውጫጭኝ የሚጠራው ጅብ ከሄደ በኋላ ቢሆንም፣ የጎረቤት በሬ ቢጠፋ ከኔም ኪስ ይወጣል ብሎ የሚያስብ ሰው የጎረቤቱን ጋጣ ከመጀመሪያውኑ እያየ ያድራል። የግዳጅ ስብሰባውና የጅምላ ቅጣቱ ከዛሬ ሕግ ጋር አይሄድም። ንጹሑን ከበደለኛው ጋር ማስከፈሉም ፍርድ ነው ለማለት ይከብዳል። ዓይንን ወደ ጎረቤት ቤት በማዞር በኩል ግን የሚስተካከለው ጓጉንቸር እስካሁን አልተሠራም።

እንግሊዞች ወደዚያው ሐሳብ በሌላ መንገድ ደርሰዋል። በሮችዴል ከተማ ኪርክሆልት የሚባል የኪራይ ቤቶች መንደር በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በቤት ሰባሪዎች ይታመስ ነበር። አጥኚዎች ሄደው ሲያዩ ሁለት ነገር አገኙ። ብዙዎቹ ቤቶች የመብራትና የጋዝ ቆጣሪያቸው ሳንቲም የሚጎርስ በመሆኑ በየቤቱ አንድ የገንዘብ ሣጥን ተቀምጧል ማለት ነበር፤ ሌባው እርሱን እየሰበረ ይሄዳል። ከዚህ በላይ ያስደነቃቸው ግን አንድ ጊዜ የተሰረቀ ቤት እንደገና የመሰረቅ ዕድሉ ካልተሰረቀው አራት እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። ቆጣሪዎቹ ተነሡ። ቤቱ በተሰበረበት ሰው ዙሪያ ያሉ ስድስት ያህል ጎረቤቶችም ያንን ቤት ዓይናቸውን እንዳይነቅሉበት ተጠየቁ። በሦስት ዓመት ውስጥ ስርቆቱ በሦስት አራተኛ ያህል ቀነሰ።

ይህን ጎረቤት የመጠበቅ ነገር ደብረ ማርቆስ ከማንም መማር የለባትም። ዕድር አለ፣ ጽዋ አለ፣ በብዙ ሰፈር ነዋሪው በየወሩ እያዋጣ የሚቀጥረው የሌሊት ጥበቃ አለ፣ ሮንድም የሚወጣ አለ። አራት አምስት ተከራይ በአንድ ግቢ የሚኖርበት ቤት ደግሞ ሁልጊዜ አንዱ ልብስ ያጥባል፣ አንዱ ቡና ይቆላል፤ ሌባ የሚፈራው እንዲህ ያለውን ግቢ ነው። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው፦ በበዓል ቀን ስድስቱም ጎረቤት አብሮ ይወጣል። በአዘቦት ቀን የሚሠራው ጥበቃ ከሁሉም በላይ በሚፈለግበት ቀን ይጎድላል።

ስለዚህ ጥያቄው ማን ይቀራል የሚል ነው፤ መልሱም ሰፈር ውስጥ አለ። መጀመሪያ የሚቀረው አራስ ቤት ነው። ወንድ ከወለደች 40፣ ሴት ከወለደች 80 ቀን እስኪሞላ ቤተ ክርስቲያን የማትሄድ እናትና አራስ ጠያቂዎቿ ቤቱን ቀኑን ሙሉ ሲያሟሙቁት ይውላሉ። አራስ ያለበት ግቢ ለዙሪያው ቤት ሁሉ ዘብ ነው። እግራቸው ያልታዘዛቸው አዛውንቶችም አሉ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን በዓሉ የእርሱ ያልሆነ ጎረቤት ነው። ሙስሊሙ ለጥምቀትና ለፋሲካ የክርስቲያኑን ደጅ ሲያይ፣ ክርስቲያኑ በኢድ ጠዋት የሙስሊሙን ሲያይ ማንም ከበዓሉ አይጎድልም። ይህ ከተገኘ ስለ ሌላው ዘዴ መጨነቅ በግማሽ ይቀንሳል። ካልተገኘም ቤተሰብ ተከፋፍሎ፣ ከፊሉ የከተራን ከፊሉ የጥር 11ን ማየት ይችላል፤ ልጆች መጀመሪያ ያኮርፋሉ፣ በኋላ ይለምዱታል።

ነገሥታቱም ቢሆኑ ቤት ጠባቂ ሳይተዉ አይወጡም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ ከተማቸውን ለአጎታቸው ለራስ ዳርጌ ነው አደራ ብለው የሄዱት። 

አደራው ሲሰጥ ዝርዝር ሊኖረው ይገባል። የተለመደው ንግግር እንዲህ ያለ ነው፦ “እትዬ፣ ቤቷን አደራ፤ ዓይንዎ አይለያት።” “ምን ገዶህ! ሂድ፣ በሰላም ግባ፤ ለእናትህ ሰላም በልልኝ።” ደግ ንግግር ነው፤ ግን እትዬ ምን እንዲያዩ አልተነገራቸውም። መቼ እንደሚመለስ፣ ማን ሊመጣ እንደሚችልና ማን እንደማይመጣ፣ ስልኩ ካልሠራ የሚደወልለት ሌላ ሰው ማን እንደሆነ ቢነገራቸው ዕቃ የጫነ ሰው ሲያዩ “ዘመዱ ይሆናል” ብለው አያልፉም። ቁልፍ ከተሰጣቸው ደግሞ በቀን አንዴ በሩን ከፍተው ገብተው ይውጡ። ውሻውንም የሚያበላው ሰው አብሮ ይታሰብ፤ በበዓል ሰሞን አጥንት በየሜዳው ነው፣ የተራበ ውሻ ደግሞ አጥንት የወረወረለትን ይወዳል። የማይራብ ውሻ ቢሆን እንኳ ጩኸቱን የሚሰማ ጆሮ ከሌለ ምን ይረባል።

ገንዘብን በተመለከተ የኪርክሆልት ቆጣሪ ወንድሙ እኛ አገር ፍራሽ ነው። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. መንግሥት የብር ኖቶች እንደሚቀየሩ ሲያስታውቅና የሦስት ወር ጊዜ ሲሰጥ፣ ከየፍራሹና ከየሣጥኑ የወጣው ብር ባንኮችን አሰልፎ ነበር። በግንቦት 2013 ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ቢያንስ ለበግና ለዘይት መግዣ ጥሬ ገንዘብ ቤት ማሳደር ግድ መሆኑ ቀርቷል። ነጋዴው ግን የዋዜማውን ሽያጭ ባንክ በተዘጋበት ሰዓት ይዞ ቤቱ ይገባል፤ ይህን ሌባም ያውቃል። ወርቅ ያላት ደግሞ ትራስ ውስጥና ቁምሣጥን ላይ እንዳታስቀምጥ፤ ሰባሪ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች የሚያጠፋው መኝታ ቤት ውስጥ ነው።

የጎጃም አድባራትና ገዳማት ዕቃ ቤት ውድ ንብረትን ሲጠብቅ የኖረው ቁልፉን ለተለያዩ ሰዎች በማከፋፈል ነው፤ አንዱ ብቻውን መክፈት አይችልም። እንዲህም ሆኖ ስርቆት አለ። በመጋቢት 1989 ዓ.ም. አፍሮ አይገባ የተባለው ታዋቂ መስቀል ከላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም ጠፍቶ በኋላ ቤልጂየማዊ ሰብሳቢ እጅ ተገኘ፤ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1993 ነው። ፎቶው ያለ ዕቃ ሲገኝ መለየት ይቻላል። ለተራው ቤትም ይኸው ይሠራል። ፖሊስ ከሌቦች የያዘውን ስልክና ቴሌቪዥን ደርድሮ ባለንብረቶች መጥታችሁ ለዩ ሲል፣ የኔ ነው ለማለት ማስረጃ ያለው ጥቂት ነው። ስልክ ላይ *#06# ሲነካ የሚመጣውን 15 አኃዝ ቁጥርና ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያለውን ቁጥር ፎቶ አንስቶ ለእህት ወይም ለወንድም መላክ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ካሜራ የሚያስገጥም ሰው በዝቷል። ይሁን፤ ነገር ግን በስልክ የሚታይ ካሜራ መብራትና ኢንተርኔት ይፈልጋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ብዙ ሰው ይህን በራሱ ላይ አይቶታል። ቅጂውን እዚያው ቤት ውስጥ የሚያስቀምጠው ዓይነት ደግሞ መቅጃው ራሱ አብሮ ይሰረቃል።

የቤት ሠራተኛ ያለ ተያዥ አትቅጠሩ የሚለው የፖሊስ ምክር ተደጋግሞ ይሰማል፤ ተገቢም ነው። ሆኖም ዕቃ በጠፋ ቁጥር መጀመሪያ ሠራተኛዋን ማሰር ልማድ ሆኗል። ቁልፍ ሠሪው፣ ዲሽ የገጠመው፣ ባለፈው ዓመት የለቀቀው ተከራይም የቤቱን ውስጥ ያውቃሉ። ተከራይ በለቀቀ ቁጥር የቁልፉን ሆድ መቀየር ከጥርጣሬ ይልቅ ርካሽ ነው።

በሕጉ በኩል በ1997 ዓ.ም. ግንቦት 1 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ስርቆትን በአንቀጽ 665፣ ከባድ ስርቆትን በአንቀጽ 669 ይቀጣል፤ ከባዱ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ያደርሳል። የስርቆት መድን የገባ ሰው ደግሞ ውሉን አስቀድሞ ያንብብ፤ አብዛኛውን ጊዜ ተሰብሮ መገባቱን የሚያሳይ ምልክት ይጠየቃል፣ ቤቱ ለብዙ ቀን ባዶ መቆየቱም ክፍያውን ሊያስቀር ይችላል።

ከጉዞ ተመልሶ በሩ ተገንጥሎ ያገኘ ሰው ሌባው ገና ውስጥ ሊሆን ስለሚችል ዘሎ አይግባ፤ ጎረቤት ይጥራ፣ ለፖሊስ ይደውል፣ ፖሊስ እስኪደርስ መቀርቀሪያውንና መሳቢያውን አይንካ። የተሰረሰረው ግድግዳ በዚያው ቀን በድንጋይ ይደፈን፤ ለጊዜው ተብሎ በጭቃ ብቻ የተለሰነ ቀዳዳ ለሚመለስ ሌባ በሩን እንደመክፈት ነው። ሌባው የቤቱን ውስጥ አሁን ከባለቤቱ ባላነሰ ያውቀዋል፤ የጠፋው ዕቃ በአዲስ እንደሚተካም ይጠብቃል። ስለዚህ አዲሱ ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶኑን አጥር ሥር አቁሞ ከመተው ቆራርጦ የእንጀራ ምጣድ ማንደጃ ማድረግ ይሻላል።